ከሶዳው አጠገብ የተቀመጠ ደም

ባለፈው ሳምንት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ተማሪዬን አስደነገጥኩት። ልጁ ትጉህ ነው፤ አርፍዶ እንኳ አያውቅም። ጠዋት የመጣልንን ደም ሁሉ ሰብስቦ ብልቃጦቹን በረዶ ውስጥ ሲደረድር ደረስኩና "አውጣው!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ድሮም ትንሽ አይደለም፤ ኮሪደሩን ስትወለውል የነበረችው ሴት ሳትቀር በበሩ ብቅ ብላ አየችን። ልጁ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ አቆማቸው። ከሕያው ነጭ የደም ሴል ጋር የሚሠራ ሰው ደሙን በረዶ ውስጥ እንደማይከት፣ ሴሎቹም እንደ እኛው መጠነኛ ሙቀት እንደሚወዱ በኋላ ረጋ ብዬ ነገርኩት። እሱ የተቆጣሁት በእሱ ላይ መስሎታል። እኔ ግን የጮህኩት ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ እትዬ አጸደ ሆቴል ውስጥ በነበረች አንዲት አሮጌ ፍሪጅ ላይ ነበር።

ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። ናይሮቢ ያለ አንድ መምህር የቲቢ ጥናት ይመራ ነበርና፣ አማርኛም ትንሽ ትንሽ ኦሮምኛም የምትናገር ልጅ ሲፈልጉ እኔ ተገኘሁ። ሥራዬ ለመናገር ቀላል ነበር። ከቲቢ ሕመምተኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ በሽታው ያልያዛቸውን ሰዎች እፈልጋለሁ፣ ፈቃዳቸውን እጠይቃለሁ፣ ደማቸውን እቀዳለሁ፣ ደሙንም ሳይውል ሳያድር በሳምንት አንዴ በምትመጣው ትንሽ አውሮፕላን እልካለሁ። አስፋልቱ ገና አልተሠራም። በመኪና የሚላክ ደም መንገድ ላይ ሞቶ ነው የሚደርሰው።

እትዬ አጸደ ሆቴል ያረፍኩት በሰው ጥቆማ አልነበረም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ ሌላ ቦታ ነበር የሚያሳየኝ። ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ፊት ለፊቱ የመብል ቤት፣ ከኋላው ግቢውን የከበቡ የመኝታ ክፍሎች ያሉት ነው። ጠዋት ቻፓቲና የወተት ሻይ፣ ምሳ ሽሮና ፓስታ ይቀርባል። ወተቱ ጎዶማ ከሚባል መንደር በሞተር ሳይክል፣ በቢጫ ጄሪካን የሚመጣ የግመል ወተት ነው፤ የሚታለብበት እቃ በጭስ ስለሚታጠን ሽታው አብሮት ይመጣል። መጀመሪያ አፍንጫዬን ያዝኩ፤ በሳምንቱ ያለሱ ሻይ አልጠጣ አልኩ። ቤቱ ንጹሕ፣ እንጀራው ደህና፣ ዋጋው ርካሽ ሆኖ ሳለ ጠረጴዛዎቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው። ምክንያቱን የነገረችኝ ራሷ እትዬ አጸደ ናት።

ከሰላሌ በባሏ ሥራ ምክንያት መጥታ እዚያው የቀረች፣ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበረች። ባሏ በቲቢ ሞተ። እሱን ለማስታመም የመጣች እህቷም እዚያው ታማ ሞተች። ሁለቱንም ያስታመመችው አንድ ክፍል ውስጥ፣ አጠገባቸው እየተኛች ነው። እሷ አልሳለችም። ጤና ጣቢያው ክንዷን እየወጋ ቢፈትሽ ቢፈትሽ ሰውነቷ በሽታውን አግኝቶት የሚያውቅ አይመስልም። ለኛ ለጥናቱ ሰዎች እንዲህ ያለች ሴት ወርቅ ናት። ሰው ግን ሬሳ ከወጣበት ቤት እንዲህ ደልድላ የምትወጣ ሴት አይወድም። ገደቢስ አሏት። ፊቷ ላይ ማንም አላላትም፤ ዝም ብለው ሌላ ቤት ይበላሉ።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው የልጇን ነገር ነው። አንድ ልጇ መሠረት በኢትዮጵያው ሞያሌ አግብታ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እናት ናት የምታርሰው። የልጅቷ አማት ወይዘሮ ስንዱ ግን ሬሳ በወጣበት ቤት የልጅ ልጄ አይወለድም ብለው ቁርጡን ተናገሩ። መሠረትም ከባሏ እናት ጋር የምትጣላ ልጅ አይደለችም። እትዬ አጸደ የውሃ ማጠራቀሚያው ላይ ወጥታ ስታይ የእነሱ ቤት ቆርቆሮ ይታያታል። በእግር ሄደው ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚደርሱበት ቦታ ነው፤ ለእሷ ግን ከሰላሌ ይልቅ ራቀባት።

ደሟን ልወስድ ፈቃዷን ስጠይቅ፣ "ምን ልትፈልጊበት ነው?" አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ጓዳ ቁጭ ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ደማችን ውስጥ ገዳይ ቲ ሴሎች የሚባሉ ጠባቂዎች አሉ አልኳት። የሰውነታችን ሴል ሁሉ በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ቁራጭ ቁራጩን በትንሽ ትሪ አድርጎ ደጁ ላይ ያቀርባል። ገዳዮቹ እየዞሩ ትሪውን ይዳስሳሉ። ያቀረበው የራሳችን ከሆነ ያልፉታል፤ የባዕድ ከሆነ ግን በሽታ የገባበት ነው ብለው ሴሉን ይገድሉታል። የትሪው ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአንዱ ጠባቂ የሌላውን ትሪ አያውቀውም። ይህ የተለመደው መንገድ ነው። መምህራችን የሚከታተለው ግን ያልተለመዱትን ትሪዎች ነበር። እነዚያ ፕሮቲን አያቀርቡም፤ ቅባት ነው የሚያቀርቡት። የቲቢ ተሕዋስ ደግሞ ወፍራም የሰም ካፖርት የለበሰ ነው፤ ከዚያ ሰም ትንሽ ተቆርሶ በዚያ ትሪ ላይ ይወጣል። ደስ የሚለው፣ ያ ትሪ በሰው ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሰሙን ቅባት ለይተው የሚያውቁ ገዳዮች አንድ ሰው ውስጥ ቢገኙ፣ ያ እውቀት ለሌላውም ሊጠቅም ይችላል።

እትዬ አጸደ ቢላዋውን አስቀመጠች። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር።

"እንግዲህ የኔዎቹ ጾም አያውቁም ማለት ነው፤ ቅባት ሲያነፈንፉ ይውላሉ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። "ደሜን ውሰጂ ልጄ። ያገኘሽውን ግን መጥተሽ ለስንዱ ንገሪልኝ። እኔ እንዳልበላኋቸው ንገሪልኝ። ልጄን እኔው ላርሳት።"

የአንድ ሰው ደም ብቻውን ብዙ እንደማያስረዳ ነገርኳት። ላይገኝም ይችላል አልኳት። የሰማችው ግን "መጥቼ እነግራቸዋለሁ" ያልኩትን ብቻ ነበር።

አውሮፕላኗ በምትመጣበት ቀን ማለዳ ደሟን ቀዳሁ። ፊቷን አዙራ ክንዷን ሰጠችኝ፤ ስጨርስ "በቃ?" አለች፣ ያነሰ መስሏት። ብልቃጦቹን ያለ በረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጌ አልጋዬ ሥር አኖርኩ። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ የመጣው በሞያሌ ወግ ነው፤ ከርሞ ከርሞ ሲመጣ ዕዳውን በአንድ ቀን የሚከፍል ዝናብ። የአውሮፕላን ማረፊያው ቀይ ጭቃ ሆነ። አውሮፕላኗ አልመጣችም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከኢትዮጵያው በኩል የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ሰው ከሰው ተጋጭቷል አሉ። ምሽት ሳይደርስ ድንበሩ ተዘጋ።

መታሰር ምን እንደሚመስል የማውቀው ከእነዚያ ቀናት ነው። ወደ ሰሜን ጥይት፣ ወደ ደቡብ ጭቃ። ከኡራን መንደር በሞተር የመጣ ሰው ጎርፉ መኪናዎቹን ወዲያና ወዲህ ማዶ እንዳቆማቸው አወራ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ስልኩ ይሠራል ሲሉት ይጠፋል። ክፍሌ ውስጥ ከአልጋው እስከ በሩ እመላለሳለሁ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የራሴን ሐሳብ እንኳ አያሰማኝም። ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ስቤ አያለሁ፤ መልሼ እገፋዋለሁ። ብልቃጥ ውስጥ ያሉት ሴሎችም እንደኔው ተዘግቶባቸዋል፤ ልዩነቱ የእነሱ ቀን አጭር መሆኑ ነው። አንድ ቀን ይታገሣሉ፤ ሲበዛ ሁለት። ከዚያ በኋላ የሰም ቅባት ቢያሳዩአቸው አይነቁም። ሌላ ቦታ ቢሆን ማጣሪያው፣ የሚያቆያቸው ፈሳሽ፣ ሁሉም በኖረ። እኔ ያለኝ አንድ ሳጥንና አንድ አልጋ ነው።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል ወሬ ልጠይቅ ወደ ማረፊያው ወጣሁ። እዚያ የነበረው ዘበኛ ጫማዬን አየና ራሱን ነቀነቀ። "ፖሌ" አለኝ፣ አይዞሽ እንደ ማለት። ስመለስ ሆቴሉ ጸጥ ብሏል። ጠረጴዛዎቹ ላይ የተጀመረ ፓስታ፣ የተጠጣ ሻይ ግማሽ ብርጭቆ አለ፤ ሰው የለም። እትዬ አጸደ ፍሪጁ አጠገብ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነበር። እኔ ስወጣ ክፍሌን ልትጠርግ ገባች። ሳጥኑን ስትነካው አልቀዘቀዘም፤ ከፍታ ብታይ በረዶ የለበትም። የልጆች ክትባት የሚያመጡትም፣ የከብት ክትባት ይዘው ወደ ኦቦ መንደር የሚያልፉትም ሁልጊዜ ከሆቴሎቹ በረዶ እየለመኑ ነው የሚሄዱት። እኔ በጭንቀት ረስቼው መሰላት። ስለዚህ ብልቃጦቹን ከነላስቲካቸው አምጥታ ፍሪጁ ውስጥ፣ ከሶዳው አጠገብ፣ ደህና አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ያን ቀን ዝናቡ ያስጠለላቸው ደንበኞች ቤቱን ሞልተውት ነበር፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ። ቦሩ የሚባል የግመል ደላላ ሶዳውን ራሱ ሊያወጣ ፍሪጁን ከፈተ።

"እትዬ፣ ኩኒ ማል? ይሄ ምንድን ነው?" አለ አሉ። "ሶዳ አይደለም።"

ከዚያ ሰው ሁሉ ተነሣ። የበላውን የከፈለም አለ፣ ያልከፈለም አለ። ገደቢስ የሚለው ቃል ያን ቀን ማለቁ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሏት "በላተኛ" ነው። ባሏንና እህቷን በላቻቸው፣ ደማቸውን ይኸው በፍሪጅ ታኖራለች።

እኔ ግን ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ብልቃጦቹን ነው። ላብ አውጥተዋል፤ በእጄ ስይዛቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። "ለምን ነካሽው!" ብዬ ጮህኩ። እሷ የጮህኩት ደንበኞቿ ስለሄዱባት መስሏት "ተዪያቸው ልጄ፣ ይመለሳሉ" አለችኝ። ቀጥሎ ፊቴን አየችና ገባት። "ተበላሸ?" አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ቦሩን ፍለጋ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሄድኩ። እዚያ የተጠለሉት ሁሉ እየሰሙ፣ በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ እየቀጠልኩ፣ ሲያቅተኝ በእጄ እያሳየሁ፣ ደሙ የራሷ መሆኑን፣ የቀዳሁትም እኔ መሆኔን፣ ስለ ትሪውም ስለ ሰሙም ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አድርጌ አስተምሬ አላውቅም። ቦሩ ጨዋ ሰው ነው፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ዳክታሪ፣ ገብቶኛል" አለኝ፣ ዶክተር ማለቱ ነው። "ደሙ ለምርመራ ነው። ግን እዚያ ቤት አልበላም።"

ስመለስ እትዬ አጸደ የፊቱን በር ዘግታ፣ እሳቱን አጥፍታ አገኘኋት። በዚያ ቤት ያን ያህል ጊዜ ስኖር ከሰል ጠፍቶ ያየሁት ያኔ ነው። ከውጭ የሚመጣባት አልነበረም፤ እሷም የምትወጣበት አልነበራትም። ሁለታችን ጨለም ባለው መብል ቤት ውስጥ ተቀመጥን። ልጇ ከተኩሱ በኩል ናት፤ እሷ ከዚህ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ያላየሁ መሰልኩ። አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰው መሻገር ጀመረ። ድንበሩ ለዕቃ እንደተዘጋ ነው፤ ከግጭት የሚሸሽ ሰው ግን ማን ያግደዋል? ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት በየመንገዱ ሞላ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የመስጊዱ ግቢ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆቴሉ ሁሉ ሞልቶ እኛ ቤት ብቻ ባዶ ነበር። ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። መሠረት ናት፤ ባሏ ደግፏት፣ ምጥ ይዟት። ከኋላቸው ወይዘሮ ስንዱ፣ ጥቅልል ያለ ጋቢ ታቅፈው።

እትዬ አጸደ ምንም አልጠየቀችም። ልጇን ተቀብላ አስገባች፣ እኔን ነርስ እንዳመጣ ላከችኝ። ነርሷን ይዤ ስመለስ ወይዘሮ ስንዱ ከበሩ ውጭ፣ ጣሪያው የሚያንጠባጥብበት ላይ እንደቆሙ ነበሩ። "ይግቡ እንጂ" ብላቸው "እዚሁ ይሻለኛል" አሉኝ። ጥቁር ነጠላቸው ከትከሻቸው ተጣብቋል። እንግዲህ ምራታቸውን ከዚያ ቤት ሊያስቀሩ የደከሙት ሴት፣ ዓለም ሁሉ ሞልቶ ያ ቤት ብቻ ሲቀራቸው፣ ደፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ወደፊትም አይሉ፣ ወደኋላም አይሉ።

ሴት ልጅ ተወለደች። እትዬ አጸደ ከውስጥ እልል አለች፤ ብቻዋን። ጎረቤት አልተቀበላትም። ያኔ ከውጭ፣ ከጣሪያው ጠብታ ሥር፣ የወይዘሮ ስንዱ እልልታ ተሰማ። አያት አይደሉ፣ አላስቻላቸውም። ግን እልልታው አላለቀም፤ መሐል ላይ ሳል ቆረጠው። ደረቅ፣ ከሆድ የሚመጣ፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ ሳል።

እትዬ አጸደ ሙቅ ውሃ ይዛ ነበር። ጆጉን አስቀመጠችና አዳመጠች። ሳሉ ቆሞ እንደገና ሲጀምር ወጣች፤ ተከተልኳት።

"ይህ ሳል ከጀመረዎት ስንት ጊዜው ነው?"

"ብርድ ነው" አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

"ማታ ያልብዎታል?"

ወይዘሮ ስንዱ የታቀፉትን ጋቢ ወደ ደረታቸው ሳቡት። ልጃቸው ከእናቱ አንድ እርምጃ ሸሸት ሲል አየሁት፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ጨቅላዋን አስቦ ነው። እሳቸውም አዩት። እንደዚያ ያለ ፊት ዳግመኛ አላጋጠመኝም። ነርሷ በሩ ላይ መጥታ፣ ምርመራው እስኪታወቅ ሴትዮዋ ከአራሷና ከልጁ ጋር አንድ ክፍል እንዳይተኙ በስዋሂሊ ነገረችን። ከተማው ሞልቷል። ማን ዘንድ ይተኙ?

"መሠረትና ልጇ ዳክታሪ ክፍል ይገባሉ" አለች እትዬ አጸደ። "እርስዎ ከኔ ጋር ነዎት።"

"አንቺስ አትፈሪም?" አሉ ወይዘሮ ስንዱ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

"እኔ ገደቢሷ አይደለሁ? ምኑን እፈራለሁ? ይግቡ፣ እዚህ ዝናብ ያገኝዎታል።"

እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። መስኮቱን ከፈትኩላቸው፤ ነርሷ የአፍ መሸፈኛ ሰጠቻቸው። እትዬ አጸደን ለብቻዋ ጠርቼ፣ እስካሁን አልያዘሽም ማለት አይይዝሽም ማለት አይደለም፣ የተረጋገጠ ነገር የለንም አልኳት። እሱን አውቃለሁና አትንገሪኝ ብላ በእጇ ገፋችኝ። እሳቱ ተያይዞ፣ የገንፎው ውሃ እየፈላ ነበር።

በሽታው ቲቢ ሆነ። መሠረትና ባሏ ተመርምረው ነፃ ሆኑ፤ ሕፃኗም የሚገባትን መድኃኒት ጀመረች። ማረፊያው ሲደርቅ አውሮፕላኗ መጣች፣ እኔም ያን ሳጥን ይዤ ሄድኩ። ናይሮቢ ስደርስ፣ ማወቁንስ አውቄው ነበር፣ ጠብታውን ከሰማያዊው ቀለም ጋር ቀላቅዬ በማይክሮስኮፕ አየሁ። ሕያው ሴል ቀለሙን አያስገባም፤ የሞተ ግን ይጠጣዋል። የእትዬ አጸደ ሴሎች ሰማያዊ ሆነው ተደርድረዋል። መምህሩ በማይክሮስኮፑ አይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከወራት በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ እንደገና ደም ልለምናት ሞያሌ ተመለስኩ። የሆቴሉ የፊት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወይዘሮ ስንዱ መድኃኒታቸውን ጨርሰው፣ ሥጋ መልሰው፣ ከመንገድ በሚታየው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። እትዬ አጸደ ጠቅልላ ያጎረሰቻቸውን ጉርሻ አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ያያል፤ የተቀመጡትም እንዲታይ ነው። ማዕዘኑ ላይ ቦሩ ፓስታውን ይበላል፤ ቢያየኝም ቀና አላለም።

ጥያቄዬን ስነግራት እትዬ አጸደ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ያኔ የሰጠሁሽ ልጄን እንድታመጪልኝ ነበር" አለችኝ። "ልጄ መጣች። አሁን ለምኔ?"

ስለ ሳይንስ፣ ስለ ሌሎች ሕመምተኞች ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ደሙ የእሷ ነው፤ መልሼ ዘጋሁት። ሻይ ቀድታልኝ ጠጣሁ፤ የጭሱ ሽታ እንደነበረ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሰዎች፣ በሌሎች ሰዎች ደም ውስጥ፣ ብዙ አግኝተዋል። የሰሙን ቅባት የሚለዩ ሴሎች አሉ፤ ተሕዋሱ ቫይታሚን ሲሠራ የሚተወውን ትራፊ የሚለዩም አሉ፤ የትሪውም ዓይነት በዝቷል። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ነው። የእትዬ አጸደ ሴሎች ግን ምን እንዳዩ፣ ጭራሽ የሚያዩት ነገር ይኑር አይኑር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንዳንዴ ይቆጨኛል። እሷ የፈለገችው መልስ ከብልቃጡ ባይገኝም በደጇ መጣላት። የኔው ጥያቄ ብቻ እዚያች ፍሪጅ ውስጥ እንደተዘጋበት ቀረ።

ተማሪዬን ባስደነገጥኩ ማታ ስልክ ደወልኩላት። አርጅታለች፤ ስለ ጉልበቷ ታማርራለች እንጂ ስለ ሳንባዋ አንድም ቀን አማርራ አታውቅም። የሆነውን ስነግራት ሳቋ ጆሮዬን ሞላው፣ "ምስኪን ልጅ፣ ደሙ የሚሞቅበት መስሎት አይደል" አለች። ከኋላዋ ሌላ ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ ሳል የማይቆርጠው ረጅም ሳቅ።

"ስንዱ ናት፣ አጠገቤ ተኝታ" አለችኝ። "ክፍል ብሰጣት አልሄድ አለችኝ። ሰላም በያት።"